በሁለት ጨረር የቆመ ተራራ

በቅሎዋ ቀርከሃው ሊያልቅ ሲል ተንሸራተተችና የሰሌዳው ሣጥን ከጀርባዋ ወደ ጎኗ ዞረ። ካርታ ነዳፊው ልጓሙን ለቆ ሣጥኑን አቀፈ። በቅሎዋን ከነጭነቷ፣ ከነንዴቷ ጅራቷን ይዞ ያስቀራት ሰንሰለት ነበር።

«ጎበዝ!» አለ ሰንሰለት፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ቆሞ። «እንጨቱን አቅፈህ ነፍስ ያላትን ለእኔ?»

«እንጨቱን አይደለም ጋሼ። ውስጡ ያለውን ነው።»

«አውቃለሁ። አውቄ ነው የሰደብኩህ።»

ሰንሰለት እናትና አባቱ ያወጡለት ስም ነበረው፤ በካርታ መሥሪያ ቤት ግን የሚያስታውሰው የለም። ከወጣትነቱ ጀምሮ በቀያሾች ፊት የመለኪያውን ብረት ሰንሰለት ሲጎትት ኖሯል። ፀጉሩ ሸበተ፣ ጥርሱ ጎደለ፣ የብረቱ ስም የእሱ ሆኖ ቀረ። የነዳፊው ታላቅ ወንድም በእነዚህ ተራሮች ላይ የመጨረሻ ሥራውን ሲሠራ አብሮት የነበረው እሱ ነው። ወባው ሲጥለውም ተሸክሞ እስከ ወንዙ ድረስ አውርዶታል። ከወንዙ ወዲያ የሚሸከሙት ሕያው ሰው አልነበረም። እዚያው ቀበረው፤ መቃብሩንም በቀጣዩ ክረምት ጎርፍ ጠርጎ ወሰደው።

ስለዚህ ወንድም ጋሼ ስሙ ተጽፎ የሚቀርበት ቦታ አንድ ብቻ ነበር፤ የካርታው ኅዳግ። በሉሁ ግርጌ፣ አገሩን በእግራቸው የለኩት ሰዎች ስም በደቃቅ ፊደል ይሰፍራል። ሻለቃው ትናንት ሊፍቀው የተነሣው ያንን ስም ነው።

ሻለቃው የቅየሳ ጓዱ አዛዥ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ የሚታጠፍ ጠረጴዛ፣ የናስ ፋኖስና የአየር ግፊት መለኪያ ከነቆዳ ማኅደሩ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ይቀመጣሉ። ቦታቸውን የነካ ወዮለት። ነዳፊውን አስጠርቶ ሉሁን ፊቱ ዘረጋለት።

«ተቀመጥ» አለው። ነዳፊው አልተቀመጠም። «ሕጉን ታውቀዋለህ። ባሕር ማዶም ያስተማሩህ ይህንኑ ነው።»

«አውቀዋለሁ ክቡር ሻለቃ።»

ሕጉ ቀላል ነው። ቀያሽ አንድ ከፍታ ላይ ሰሌዳውን በሦስት እግሩ ያቆማል። መነጽር በተገጠመባት የናስ ማስመሪያ ሩቅ ያለውን ጫፍ አነጣጥሮ በወረቀቱ ላይ ቀጭን መስመር ይስባል፤ ጨረር ይሉታል። ከሌላ ከፍታ ደግሞ ሌላ ጨረር ይስባል። ሁለት ጨረር ግን ምስክር አይሆንም። ሁለት መስመር የሆነ ቦታ ላይ መገናኘቱ አይቀርማ፣ ተራራ ኖረም አልኖረም። የሚመሰክረው ሦስተኛው ነው። ሦስተኛው በዚያችው ነጥብ ካለፈ ጫፉ አለ፤ በቀለም ይጻፋል፤ ስም ይወጣለታል። እስከዚያው እርሳስ ነው።

ወንድም ጋሼ በሁለት ጨረር፣ አንዱን ከምሥራቅ ሌላውን ከደቡብ ስቦ፣ በመገናኛቸው ላይ ትንሽ ሦስት ማዕዘን በቀለም አስቀምጧል። ከጎኗም በዚያ ጎበጥ ባለ የእጅ ጽሕፈቱ «ቁንጥንጥ» ብሏል።

«እኔም ከዚሁ ከሰፈራችን ሳብኩ» አለ ሻለቃው። «ጠዋት ደመናው ገለጥ ብሎ አንድ ጫፍ አሳይቶኝ ነበር። ጨረሬ የወንድምህን ጫፍ አልነካትም። በአጠገቧም አላለፈ። ላም አለኝ በሰማይ ሆነብን እኮ!»

«አይቶ ነው የጻፈው፣ ክቡር ሻለቃ።»

«አይቶ ቢሆን እኔም ባገኘኋት። ታሞ ነበር፣ ደክሞት ነበር፤ ድንኳኑ ውስጥ ሆኖ ሣላት። እኔ አልፈርድበትም። ግን ተቀምጦ ተራራ የሠራ ሰው ስም በዚህ ሉህ ኅዳግ ላይ አይሰፍርም።» ቀጥሎ ፈገግ አለ፤ ክፉ ሰው አልነበረም። «ደግሞ ስሙ! ተራራ ይቁነጠነጣል እንዴ?»

ነዳፊው ስሙን በዓይኑ ተከተለው። ቁንጥንጥ እሱ ራሱ ነበር።

እናቱ ናት ያወጣችለት። በወንበርም፣ በምንጣፍም፣ በእቅፏም አንድ ደቂቃ አልረጋላት ብሎ። ለትምህርት ሲሸኝ «ይሄ ቁንጥንጥ መርከብ ላይ እንዴት ብሎ ይቀመጥልኛል?» እያለች ስትስቅም ስታለቅስም ነበር። እሱ ባሕር ማዶ እንዳለ እሷ ሞተች፤ ወንድሙም ተከተላት። ሲመለስ መሥሪያ ቤቱ በማዕረግ፣ ጎረቤቱ «የተማረው» እያለ ጠራው። በቤት ስሙ የሚጠራው ሰው በዓለም ላይ አልቀረም። ወረቀቱ ብቻ ቀረ።

ይህን ቢናገር ልመና ይመስላል። የለመነው ሌላ ነገር ነበር። ወንድሙ በስተሰሜን ባለው የተራራው ትከሻ ላይ ሦስተኛ ጣቢያ ብሎ ድንጋይ ከምሮ፣ ደመና ከልክሎት ሳይስብ ወርዷል።

«ከዚያ ልሳብ። አንድ ጨረር ብቻ። ካልነካት እኔው ራሴ እፍቃታለሁ።»

ሻለቃው በድንኳኑ በር ሰማዩን አየ። «ዝናቡ ደርሷል። ነገ ትወጣለህ፣ ከነገ ወዲያ ጓዙ ይጫናል። ማልልኝ፤ ያየኸውን ብቻ ትስባለህ።»

«ያየሁትን ብቻ።»

አሁን እየወጣ ነው። ከቀርከሃው በላይ ዛፎቹ አጭርና ጠማማ ናቸው፤ ከግንድ እስከ ቅርንጫፍ አረንጓዴ ፂም አብቅለው ዝናብ በሌለበት ውሃ ያንጠባጥባሉ። መሬቱ መሬት አይደለም፤ የበሰበሰ ሥርና ቅጠል ነው፣ እግር ሲረግጠው እንደ ፍራሽ ጎድጎድ ይላል። ወፍ እንኳ የለም። ሰንሰለት ሲያስል ሳሉ ሩቅ ሳይሄድ ይሞታል።

ባሕር ማዶ፣ በመማሪያ ክፍሉ ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ካርታ፣ ይህ ሁሉ ተራራ አንድ ፀጉራም አባጨጓሬ ነበር። ከላዩ የተጻፈው ስም የአንድ የመርከብ አዛዥ ሚስት ስም ነው። ሰውየው በባሕር ሲያልፍ ጎህ ሲቀድ ከሩቅ አየውና ለሚስቱ ሰጣት። እሷ አንድም ቀን አላየችውም። ነዳፊው ስሙን ለፈተና ሸምድዶ ሙሉ ነጥብ አግኝቶበታል፤ ያኔ ኮርቶም ነበር። እዚህ ሲመጣ ግን በምሥራቅ በኩል፣ ባሕሩ ደመናውን በሚልክበት፣ ሰዉ የሚያየውን ተራራ «ዝናብ ማደሪያ» ይለዋል። በምዕራብ፣ ሜዳው ተሰነጣጥቆ በሚከርምበት፣ «ዝናብ ከልካይ» ይሉታል። ከጫፍ እስከ ጫፍ ላለው ሙሉ የተራራ ሰንሰለት ስም ያለው ሰው አላገኘም። ማን ይፈልገዋል? ሙሉውን የሚፈልግ ካርታ ብቻ ነው። ከተመለሰ ወዲህ ደግሞ የትኛውንም ነገር ሙሉውን ማመን አቅቶታል። የተማረውን ሲያምን አገሩ ይታዘበዋል፣ አገሩን ሲያምን የተማረው ይስቅበታል።

«ምን ታስባለህ?» አለ ሰንሰለት ከኋላው።

«ስም።»

«የማንን?»

«የተራራውን።»

«ኧረ ተወው! ስም አወጣህለት አላወጣህለት ዳገቱ ያው ዳገት ነው። እኔ ሰው ሆኜ ስም ወጥቶልኝ ምን ጠቀመኝ? ሰንሰለት! የታሰረ ውሻ ይመስል።»

በቅሎዋን የመጨረሻው ዛፍ ላይ አሰሯት። ሣጥኑንና ሦስት እግሩን ተሸክመው በእርጥብ ዐለት ላይ እየዳሁ ወጡ። የድንጋዩ ክምር ትከሻው ላይ ቆሞ ነበር። ነዳፊው ሳይነገረው የማን እጅ እንደሆነ አወቀ። ወንድም ጋሼ ልጆች ሳሉ የማገዶ እንጨት ሲደረድር እንዲህ ነበር፤ ትልቁን ከታች አስተኝቶ፣ ክፍተቱን ሁሉ በትንንሹ ጠቅጥቆ፣ ጨርሶም አንዴ በእግሩ ገፋ አድርጎ ይሞክረዋል። ነዳፊውም ክምሩን በእግሩ ገፋ አደረገው። አልነቃነቅም አለ።

ከክምሩ አጠገብ እንደ በርጩማ የተቀመጠ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነበር። ፊቱ ወደ ደመናው ነው።

«እዚህ ነበር የሚቀመጠው» አለ ሰንሰለት ጭነቱን እያወረደ። «ከጠዋት እስከ ማታ። ‹ቁንጥንጥ ቢሆን እዚህ አንድ ደቂቃ አይቀመጥልህም› እያለ ይስቅ ነበር።»

ነዳፊው ቀና አለ። «ያውቁታል?»

«ማንን?»

«ቁንጥንጥን።»

«አንተን አይደል እንዴ? ሌላ ወሬ መች ነበረው? ቁንጥንጥ ዛፍ ላይ ወጥቶ ቀረ፣ ቁንጥንጥ የጎረቤት መስኮት ሰበረ... ሳላይህ ሰልችተኸኝ ነበር።» ሰንሰለት ኮፍያውን አውልቆ ጨመቀው። «ወረቀቱ ላይ ሲጽፈው ‹ምነው፣ የልጅ ስም ለተራራ?› አልኩት። ‹ሁለቱም ሩቅ ናቸው፤ ሁለቱንም ደመና ሸፍኗቸዋል፤ ግን አሉ› አለኝ።»

ነዳፊው ሦስቱን እግር ለማቆም ጎንበስ አለ። ጎንበስ ብሎ ብዙ ቆየ። «በቀለም ለምን ጻፈው ታዲያ? ሕጉን እያወቀ?»

«ትኩሳቱ ጀምሮት ነበር። እኔም ያንኑ ብዬው ነበር። ‹እርሳስ ይደበዝዛል› አለኝ።»

ሰሌዳውን አቆመ። ሉሁን ዘረጋ፤ ዳርና ዳሩን በመርፌ ወጋው። ኮምፓሱን አስተካከለ። ከዚያ የሚሠራው ስላልነበረ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ።

ፊት ለፊቱ ምንም አልነበረም። ነጭ ነው፤ ወተት ውስጥ እንደማየት። አንዳንዴ ነጩ ይሳሳና ጥቁር ነገር የሚመጣ ይመስላል፤ ቀርቦ ሲያዩት ሌላ ደመና ይሆናል። ብርዱ በቦት ጫማው ገብቶ ወደ ጉልበቱ ወጣ። ደረቅ ዳቦ ቆረሱ። ዳቦውም ረጥቧል።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ» አለ ሰንሰለት። «እዚህ አገር ንጋቱ ራሱ አልጠራ ብሎ!»

«እርስዎ ከወንድሜ ጋር ሳሉ አይተዋት ነበር? ጫፏን?»

«እንዴታ! በእነዚህ ዓይኖቼ።»

«ምን ትመስላለች?»

ሰንሰለት አሰበ። «ተራራ ነዋ» አለ በመጨረሻ፤ ሁለቱም ሳቁ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እሱ ሲያይ እኔ የእሱን ፊት ነበር የማየው» አለ። «ከፊቱ ላይ አይቻታለሁ።»

ሰንሰለት ክምሩን ተደግፎ አንቀላፋ። ነዳፊው ብቻውን ቀረ። በባሕር ማዶ ክፍሉም እንዲህ ተቀምጦ ያውቃል፤ በረዶው መስኮቱን ሲደፍነው፣ የሚመለስበትን አገር በሐሳቡ እየሣለ። ያኔ የሣለው ቤት ውስጥ እናቱ ነበረች፤ ወንድሙ ነበር። በሁለት ሰው ላይ ያቆመው አገር ነበር። አሁን ሁለቱም ሲወድቁ ያ አገር ነበረ ወይስ እሱም ተቀምጦ የሠራው ነው? ለመነሣት፣ ለመንጎራደድ ዳዳው። ግን ደመናው የሚገለጠው ጀርባውን ባዞረበት ቅጽበት ቢሆንስ? ተቀመጠ። እናቱ ብታየው አታምንም ነበር።

ቀኑ ሊያዘነብል ሲል ነፋሱ ዞረ። መጀመሪያ ጆሮው አወቀ፤ ከበታች የነበረው የዛፍ ሹክሹክታ ወደ ላይ መጣ። ከዚያ ነጩ ግድግዳ በመሃሉ ተቀደደ።

«ጋሼ!»

ሰንሰለት ዘሎ ተነሣ። «ይኸው! ይኸው ቁንጥንጥ! አላልኩህም?»

ነዳፊው ዓይኑን በመነጽሩ ላይ አስቀምጦ ነበር። አንድ ጥቁር ቀንድ፣ በጎኑ ውሃ የሚያብለጨልጭ፤ ከእሱ በስተቀኝ ደግሞ ሌላ። ሁለት ጫፎች ነበሩ። በመካከላቸው ሰፊ ባዶ፣ በባዶው ውስጥም ከሩቅ የማታው ሰማይ ቢጫ ሆኖ ይታያል። የግራውን አነጣጥሮ ሳበ። የቀኙን አነጣጥሮ ሳበ። ደመናው ዓይን እንደሚጨፈን ተዘጋ።

ወረቀቱን አየ። የወንድሙ ሦስት ማዕዘን ከሁለቱ ጨረሮች በአንዱም ላይ አልነበረችም። በመካከላቸው፣ ሰማዩ ይታይበት በነበረው ባዶ ላይ ቆማለች።

«ነካት?» አለ ሰንሰለት።

«አልነካትም።»

ሰንሰለት ኮፍያውን ደፋ፣ አወለቀ፣ ደፋ። «ትንሽ ዘወር አድርጋት።»

«ምኗን?»

«ማስመሪያዋን። ትንሽ ናት እኮ። እኔ እንደሆነ ዓይኔ ደክሟል። በቅሎዋም አትናገርም።»

ነዳፊው የግራውን ጨረር በላጲስ አጠፋ፣ ቀጭን ፈለጉ ብቻ ቀረ። ማስመሪያዋን በጣቢያው ነጥብና በወንድሙ ሦስት ማዕዘን ላይ አጋደመ። በእርግጥም ትንሽ ናት። አንዲት መስመር፣ የስሙ ማዳኛ። ማን መጥቶ ያያል? የመርከብ አዛዡ ሚስት ያላየችው ተራራ ላይ ስንት ዘመን በስሟ ኖራለች! በሐሰት ስም የሚኖር ተራራ ካለ፣ በእውነተኛ ፍቅር የተሰጠ ስም ለምን ባዶ ላይ አይኖርም? እርሳሱን ወረቀቱ ላይ አሳረፈው።

ያኔ ነው ያየው። ያጠፋው የጨረር ፈለግ፣ ከማስመሪያዋ ጠርዝ ወጣ ብሎ፣ ከሁለት መስመሮች ጋር በአንድ ነጥብ ተገናኝቷል። አንዱ የሻለቃው ነው። ሌላው ወንድም ጋሼ ከምሥራቅ የሳበው። ሦስቱም በመርፌ ቀዳዳ ውስጥ ያለፉ ይመስላሉ። በችኮላ የቀኙን ጨረር በጣቱ ተከተለው። እሱም ወንድሙ ከደቡብ ከሳበው ጋር፣ ከሦስት ማዕዘኗ ወዲያ ማዶ ተሻግሮ ተገናኘ።

ወንድም ጋሼ በምሥራቅ ሲቆም አንዱን ጫፍ ብቻ ነበር ያየው፤ ሌላው በትከሻው ተሸፍኖ። በደቡብ ሲቆም ሌላውን ብቻ አየ፤ የመጀመሪያው በደመና ተሸፍኖ። ሁለቱን አንድ መስለውት አጋጠማቸው።

«ጋሼ።»

«ወዬ።»

«ተሳስቷል።»

«እሱንማ ሰማሁ እኮ።»

«አይ፣ ተሳስቷል ነው የምልዎ!» ነዳፊው ሳቀ፤ ዓይኑ ግን ሞልቶ ነበር። «ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ የሚዋሽ ሰው እንዲህ አይሳሳትም። ውሸታም አንድ ተራራ ፈጥሮ ይገላገላል። ሁለት ተራራ ከሁለት ወገን ዞሮ አይቶ አንድ ነው የሚል፣ የሄደ ሰው ብቻ ነው። ሁለቱም ቦታ ቆሟል። ሁለቱንም አይቷል!»

ሰንሰለት ወረቀቱን ዘቅዝቆም፣ ቀጥ አድርጎም አየው። ምንም አልገባውም። «እንግዲህ ተሳሳተ ተብሎ ደስ የሚለው ዘመድ ዛሬ አየሁ» አለ። ከዚያ ጣቱን ሦስት ማዕዘኗ ላይ አሳረፈ። «ቁንጥንጥስ?»

ነዳፊው ያጠፋውን ጨረር ፈለጉን ተከትሎ እንደገና ሳበው፤ ባየው ላይ።

«ቁንጥንጥ የለም» አለ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሰፈሩ ሲደርሱ ድንኳኖቹ ፈርሰው የሻለቃው ብቻ ቀርቶ ነበር። ሻለቃው ማጉያውን በሉሁ ላይ ከጨረር ወደ ጨረር አንሸራተተ። የመጀመሪያዎቹ የዝናብ ጠብታዎች ሸራውን መቱት።

«ጨረሬ ከወንድምህ ጨረር ጋር ተገናኝቷል» አለ በመጨረሻ። «ያልተገናኘው ከቀለሙ ጋር ነው።»

«አዎ፣ ክቡር ሻለቃ።»

«ሟችን በሐሰት ልከስ ነበር።» ማጉያውን ወደ ማኅደሩ መለሰ፤ ማኅደሩን ወደ ቦታው። «ስሙ ኅዳጉ ላይ ይቀመጣል። የግራው ጫፍ ሦስት ጨረር አለው፤ በቀለም ይጻፍ። ስሙን ዋናው መሥሪያ ቤት ያወጣለታል፤ ተራራ የሚጠብቁ ባለሥልጣናት ወረፋ ይዘዋል። የቀኙ ሁለት ነው ያለው። በእርሳስ ይቆይ።» ወደ ሦስት ማዕዘኗ ጎንበስ አለ። «ይህ ቁንጥንጥ የሚሉት... የአገሬው ስም ነው? ከሆነ ለግራው ላቀርበው እችላለሁ።»

አዎ ማለት በቂ ነበር። ነዳፊው የመርከብ አዛዡን አሰበ፤ በጎህ፣ በመርከቡ ጫፍ ላይ፣ ከሩቅ ሆኖ ሚስቱን የናፈቀ ሰው። ምናልባት እሱም ክፉ ሰው አልነበረም።

«አይደለም» አለ። «የቤት ስም ነው።»

«የማን?»

«ሩቅ አገር የሄደ የአንድ ልጅ።»

ሻለቃው አየው። ምላጩን ከጠረጴዛው ጥግ አንሥቶ በእጀታው በኩል አቀበለውና ዝናብ ልብሱን ለብሶ ወጣ።

ነዳፊው ተቀመጠ። ቀለም ከወረቀት ሲፋቅ ቀስ ተብሎ ነው፤ ምላጩን አጋድሞ፣ ትንፋሽን ይዞ። መጀመሪያ ሦስት ማዕዘኗን ፋቀ። ከዚያ ከስሙ መጨረሻ ጀምሮ ወደ ኋላ፣ ፊደል በፊደል። ወንድሙ እርሳሱ እንዳይደበዝዝ ብሎ ብዕሩን ጫን ብሎት ስለነበር ቀለሙ ወደ ውስጥ ዘልቋል። ዱቄቱን እፍ አለው። የተፋቀው ቦታ ሸካራ ሆነ። በጥፍሩ ጀርባ ቢያለሰልሰውም የወረቀቱ ቆዳ ከሄደ ሄደ፤ ከእንግዲህ እዚያ ላይ ቀለም ቢነካ ይንጣለላል፣ ፊደል አይይዝም። በሁለቱ ጫፎች መካከል ማንም፣ ምንም ስም የማይጽፍበት ነጭ ቦታ ቀረ።

ኅዳጉን አየ። የወንድሙ ስም በቦታው አለ።

ውጭ በቅሎዎቹ ተጭነዋል። ሰዎች በዝናቡ ውስጥ ይጯጯሃሉ፤ አንዱ ስለ ገመድ፣ አንዱ ስለ ሸራ። በመሃል አንድ ጥርስ የጎደለው ድምፅ ከሁሉም በላይ ወጣ።

«ኧረ አንተ ቁንጥንጥ! በቅሎዋ በሰበሰች እኮ፤ አትወጣም?»

ነዳፊው ሰምቷል። ምላጩን አስቀመጠ፤ እጁን ሸካራው ቦታ ላይ አሳረፈ። ሰንሰለት ያን ስም አንዴ እንዲደግምለት ብሎ ዝም አለ።